በእጅ ሰጥቶ በእግር መሄድ፦ የዱቤ ደረሰኝን ሸጦ ጥሬ ገንዘብ ማግኘት በሸሪዓ ሚዛን



የአረፋ በዓል በተቃረበ ቁጥር ወደ አዲስ አበባ ከሚገባው በግ መካከል የመንዝ በግ ስሙ የታወቀ ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌና ከግሼ ደጋ የተገዛው በግ ወደ ደብረ ብርሃን ይወርዳል፤ ከዚያም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መዲናይቱ ይደርሳል። የበጉ ፀጉርም ተፈትሎ ባና ሆኖ፣ በርኖስ ሆኖ ገበያ ይወጣል። እኛ ከተሜዎቹ የምናየው በጉን ነው። ጥርሱን ከፍተን ዕድሜውን እንመረምራለን፤ ላቱን ዳስሰን ዋጋ እንከራከራለን፤ ከፍለን ይዘን እንሄዳለን።

የማናየው የነጋዴውን ደብተር ነው። ከበዓል ሰሞን ውጭ የዚህ ነጋዴ ደንበኛ እንደ እኛ እጅ በእጅ የሚከፍል ሰው አይደለም። ደንበኛው ሆቴል ነው፣ ሥጋ ቤት ነው፣ ምግብ የሚያቀርብ ድርጅት ነው፣ አንዳንድ ጊዜም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። እነዚህ ደግሞ ዛሬ ተረክበው ከወር ወይም ከሁለት ወር በኋላ ይከፍላሉ። ነጋዴው ደረሰኙን በኪሱ ይዞ ይመለሳል። በደብተሩ ላይ ሀብታም ነው፤ በኪሱ ግን የመኪና ኪራይ የሚከፍልበት የለውም። አበው «የላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ይህ የመንዝ ነጋዴ ብቻ ችግር አይደለም። የመርካቶ ዕቃ አከፋፋይ፣ የብርድ ልብስ ሻጭ፣ ለትምህርት ቤት የጽሕፈት መሣሪያ የሚያቀርብ ወጣት፣ ሁሉም በዚህ ወጥመድ ውስጥ ናቸው። ሌላው ዓለም ለዚህ ችግር ያበጀው መፍትሔ ፋክተሪንግ ይባላል። በአገራችንም ስሙ በባንክ ባለሙያዎች ዘንድ መነሣት ከጀመረ ሰንብቷል። እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋ ለመስጠትም አልተነሣሁም። ሆኖም ነገሩ ምን እንደሆነ፣ ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዑለማዎቻችን ምን እንዳሉበትና ሙስሊሙ ነጋዴ ምን አማራጭ እንዳለው በቅደም ተከተል ማቅረብ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ ከየት ይመነጫል?

ትርፍና ጥሬ ገንዘብ አንድ አይደሉም። ነጋዴ አትርፎም ሊወድቅ ይችላል። የበግ ነጋዴውን እንውሰድ። ገበሬው በጉን የሚሸጠው እጅ በእጅ ነው፤ ማዳበሪያ ሊገዛበት ወይም የልጁን ወጪ ሊሸፍንበት ነውና «ከሁለት ወር በኋላ እከፍልሃለሁ» ቢሉት አይሰማም። ሹፌሩም እጅ በእጅ ይፈልጋል። መኖውም፣ ጠባቂውም እንደዚያው። በሌላው ጫፍ ያለው ሆቴል ግን በዱቤ ይረከባል። እንግዲህ ትንሹ ነጋዴ ከታች ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ እየከፈለ ከላይ ለትልቁ ድርጅት ያለ ወለድ ያበድራል ማለት ነው። ደካማው የብርቱው አበዳሪ ሆነ!

በዚህ ላይ ሌሎች ሸክሞች ተጨምረዋል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ዕቃ አቅራቢ ደረሰኝ በቆረጠ ጊዜ፣ ገዥው ታክሱን ራሱ ይዞ ካላስቀረ በቀር፣ ገንዘቡ በእጁ ባይገባም የ15 በመቶው ዕዳ ይጀምረዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ብዙ ዕቃ ተወድዷል፤ ከሁለት ወር በፊት የተሸጠበት ዋጋ ዛሬ ያንኑ ዕቃ አይመልስም። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፤ በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። የብድር በር ሲጠብ መጀመሪያ ውጭ የሚቀረው መያዣ ቤት የሌለው ትንሽ ነጋዴ ነው። በዚያው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገድ በዘጋ ጊዜ ሁሉ ደግሞ የመንዝና የአካባቢው ነጋዴ ገንዘቡን ለመሰብሰብ እንኳ መመላለስ ተቸግሯል።

እንዲህ የተጨነቀ ሰው የት ይሄዳል? ብዙው ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል። ሌላው ከደንበኛው የተቀበለውን ወደፊት የሚደርስ ቀን የተጻፈበት ቼክ ጥሬ ገንዘብ ላለው ሰው በቅናሽ ይሸጣል። ሦስተኛው ዕቁብ ይገባና ዕጣው የወጣለትን ሰው «ዕቁብህን ሽጥልኝ» ይለዋል፤ የዕቁቡን ገንዘብ ዛሬ ይወስዳል፣ ተራውን ለሸጠለት ሰው ግን ጭማሪ ይከፍላል። ስለዚህ ፋክተሪንግ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። ስሙ ይለያል እንጂ ሥራው በመርካቶ ጓዳ ውስጥ ሲሠራበት ኖሯል።

ፋክተሪንግ ምንድን ነው?

ፋክተሪንግ ማለት ነጋዴው ከደንበኛው ሊሰበስበው የሚገባውን ገንዘብ፣ ማለትም የዱቤ ደረሰኙን፣ ለአንድ የፋይናንስ ድርጅት ሸጦ ወዲያውኑ ጥሬ ገንዘብ የሚያገኝበት ውል ነው። ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ የደረሰኙን 80 በመቶ ያህል አስቀድሞ ይሰጣል። ቀኑ ሲደርስ ሙሉውን ከደንበኛው ሰብስቦ የራሱን ክፍያ ይቆርጥና ቀሪውን ለነጋዴው ይመልሳል።

ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ደንበኛው ሳይከፍል ቢቀር ድርጅቱ ወደ ነጋዴው ተመልሶ «ገንዘቤን» ይላል። ይህ በስም ሽያጭ ይባል እንጂ በግብሩ ብድር ነው። በሁለተኛው ዓይነት ግን ኪሳራው የድርጅቱ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ስለሚወደድ ብዙ ጊዜ ትንሹ ነጋዴ የሚሰጠው የመጀመሪያው ነው።

ሦስተኛ መልክም አለው። በሜክሲኮ ናፊን የተባለው የመንግሥት ልማት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 በጀመረው አሠራር ትልልቆቹ ገዥ ድርጅቶች «ይህን ያህል ገንዘብ በዚህ ቀን ለዚህ አቅራቢ እንከፍላለን» ብለው በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ ያረጋግጣሉ። ትንሹ አቅራቢም ያንን ማረጋገጫ ይዞ ከባንክ ገንዘቡን ይቀበላል። ባንኩ የሚመለከተው የትንሹን ነጋዴ ቤትና መሬት ሳይሆን የትልቁን ገዥ የመክፈል አቅም ነው። ሕንድም ትሬድስ የተባለውን ተመሳሳይ መድረክ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች።

ሒሳቡ ሲሰላ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ነጋዴ በጎቹን በ270,000 ብር ገዛ እንበል። ለመኪና፣ ለመኖና ለጠባቂ 12,000 ብር አወጣ። ድምሩ 282,000 ብር ሆነ። ለአንድ ሆቴል በ300,000 ብር በስልሳ ቀን ዱቤ ሸጠ። ትርፉ 18,000 ብር ነው።

ይህን ደረሰኝ ለፋክተሪንግ ድርጅት ቢሸጥ 240,000 ብር ወዲያውኑ ያገኛል። ድርጅቱ ለአገልግሎቱና ለጊዜው 12,000 ብር ይቆርጣል ብንል፣ ከስልሳ ቀን በኋላ ነጋዴው የሚመለስለት 48,000 ብር ነው። ከ18,000 ብር ትርፉ ውስጥ 12,000 ብሩ፣ ማለትም ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ፣ ሄደ። ክፍያው ከ300,000 ብር አንጻር 4 በመቶ ብቻ ስለሚመስል ትንሽ ነው ይባላል። ግን ነጋዴው አስቀድሞ ያገኘው 240,000 ብር ነው፤ ለሁለት ወር 12,000 ብር ከፈለበት ማለት በሁለት ወር 5 በመቶ፣ በዓመት 30 በመቶ ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን ሌላውንም ወገን እንይ። ነጋዴው በ240,000 ብሩ ወዲያው ገበያ ተመልሶ በዚያው የትርፍ መጠን እጅ በእጅ ቢሸጥ 15,000 ብር ገደማ ያተርፍበታል። የድርጅቱን 12,000 ብር ይሸፍናል፤ ትንሽም ይተርፈዋል። በስልሳ ቀን ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢመላለስ ደግሞ የበለጠ ያገኛል። ሌላው ዓለም ፋክተሪንግን የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ሁለተኛውንም ጭነት እንደ መጀመሪያው በዱቤ ከሸጠ፣ ያንንም ደረሰኝ መሸጥ ይኖርበታል፤ ከዚያም ሦስተኛውን። ያን ጊዜ ነጋዴው ለራሱ መሥራቱ ቀርቶ ለድርጅቱ የሚሠራ ይሆናል። ይህ ከሐላልና ከሐራም ጥያቄ በፊት ማንኛውም ነጋዴ በእርሳስ ሊያሰላው የሚገባ ሒሳብ ነው።

የሸሪዓው ሚዛን

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። አላህ (ሱ.ወ.) መሸጥን ፈቅዶ ሪባን እርም ማድረጉ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 275 ላይ የተነገረ ነው። ፋክተሪንግ «ሽያጭ» ከተባለ ታዲያ ምኑ ላይ ነው ችግሩ?

የሚሸጠውን ነገር እንመልከት። በጉ ተሽጧል፤ ምናልባትም ተበልቷል። ደረሰኙ ዕቃ አይደለም፤ ሆቴሉ የነጋዴው የ300,000 ብር ባለዕዳ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ዛሬ አነስ ያለ ብር ሰጥቶ ወደፊት የሚመጣ በዛ ያለ ብር እየገዛ ነው። ብር በብር መሆኑ ነው። ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ.) ወርቅ በወርቅ፣ ብር በብር ሲለዋወጥ መጠኑ እኩል፣ ርክክቡም እጅ በእጅ እንዲሆን አዘዋል። በደረሰኝ ሽያጭ ላይ ሁለቱም መስፈርቶች ፈርሰዋል፤ መጠኑ ይበላለጣል፣ አንደኛው ወገንም በዱቤ ነው።

የእስላማዊ ትብብር ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ ባደረገው 7ኛ ጉባኤው የንግድ ሰነዶችን በቅናሽ መሸጥ እንደማይፈቀድ ወስኗል፤ ምክንያቱም ወደ ሪባ ያደርሳል። በ1998 እ.ኤ.አ. ባሕሬን፣ ማናማ ላይ ባካሄደው 11ኛ ጉባኤውም ቀኑ ያልደረሰን ዕዳ ከባለዕዳው ውጭ ላለ ሦስተኛ ወገን በዚያው ዓይነት ገንዘብ መሸጥ እንደማይቻል ወስኗል። የማሌዥያ የሸሪዓ አማካሪዎች ግን በመሠረቱ ከእውነተኛ ንግድ የተገኘ ዕዳ በቅናሽ ሊሸጥ ይችላል በማለት በአገራቸው ገበያ ፈቅደዋል። አብዛኞቹ የዘመናችን ዑለማዎች ይህን አቋም አልተቀበሉትም። ልዩነት መኖሩን መደበቅ ተገቢ አይደለም፤ የብዙኃኑን አቋም አቃልሎ በጥቂቶቹ መከለልም እንዲሁ።

አንዳንድ ሰዎች «ድርጅቱኮ ይሠራል፤ ደንበኛውን ያጣራል፣ ገንዘቡን ይሰበስባል፣ ለዚህ አይከፈለውም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይከፈለዋል እንጂ! ሸሪዓችን የሥራ ዋጋን አይከለክልም። ክፍያው ግን የሥራው ዋጋ መሆን አለበት። ቀኑ በራቀ ቁጥር የሚጨምር፣ የተሰጠው ገንዘብ በበዛ ቁጥር የሚያድግ ከሆነ የጊዜ ዋጋ ነው። ቼክ በቅናሽ መሸጥም ሆነ የዕቁብን ተራ በጭማሪ መግዛት የሚመዘኑት በዚሁ ሚዛን ነው። ዕቁቡ ራሱ እኩል አውጥቶ እኩል መውሰድ ስለሆነ መልካም ነው፤ የሚያበላሸው ተራው በገንዘብ ሲሸጥ ነው።

ታዲያ መውጫው ምንድን ነው?

«ሐራም ነው» ብሎ ነጋዴውን በጭንቀቱ ትቶ መሄድ ዲናችን ያስተማረን መንገድ አይደለም። አንድ በር በተዘጋበት ሁሉ ሌሎች በሮች ተከፍተዋል። ዋና ዋናዎቹን ልዘርዝር።

አንደኛው መጻፍ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገር ነው። ለሶላት ሰዓት የምንጠነቀቀውን ያህል ስለ ዕዳ መጻፍ የምንጠነቀቅ ስንቶቻችን ነን? የርክክብ ሰነድ ያልተፈረመበት፣ የክፍያ ቀን ያልተጻፈበት ደረሰኝ በየትኛውም ባንክ ፊት ዋጋ የለውም። ሆቴሉ «ይህን ያህል በግ ተረክቤአለሁ፣ በዚህ ቀን እከፍላለሁ» ብሎ ማኅተም ያሳርፍ። የሜክሲኮው አሠራር ምሥጢርም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ባለዕዳው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ነው።

ሁለተኛው ከባለዕዳው ጋር በቀጥታ መስማማት ነው። ነጋዴው ሆቴሉን «ከስልሳ ቀን በፊት፣ በዚህ ሳምንት ብትከፍለኝ 6,000 ብር እተውልሃለሁ» ቢለው የፊቅህ አካዳሚው በዚያው በ1992ቱ ጉባኤ ፈቅዶታል። ሁለት መስፈርቶች አሉት። አንደኛ፣ ቅናሹ በመጀመሪያው ውል ላይ አስቀድሞ የተደነገገ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ነገሩ በአበዳሪውና በባለዕዳው መካከል ብቻ ይሁን፤ ሦስተኛ ወገን ከገባበት ሰነድን በቅናሽ መሸጥ ይሆናል። ነጋዴው በዚህ መንገድ 12,000 ብር የሚያጣውን በ6,000 ይገላገላል፤ ቅናሹም ለሩቅ ድርጅት ሳይሆን ለደንበኛው ይደርሳል።

ሦስተኛው ሐዋላ ነው። እዚህ ላይ የምለው ገንዘብ ወደ አገር ቤት የሚላክበትን አይደለም፤ በፊቅህ ኪታቦች የተተነተነውን ዕዳን የማዛወር ውል ነው። ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ.) አቅም ያለው ሰው ዕዳውን ማዘግየቱ በደል መሆኑን፣ ገንዘቡም ወደ ባለአቅም ሰው የተዛወረበት ሰው እንዲቀበል ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ለምሳሌ ነጋዴው የመኖ አከፋፋዩ 200,000 ብር ባለዕዳ ቢሆንና ሆቴሉ ደግሞ ለነጋዴው 300,000 ብር ቢኖርበት፣ ነጋዴው 200,000ውን ከሆቴሉ እንዲቀበል ለአከፋፋዩ ማዛወር ይችላል። ብር አይቀነስም፣ ብር አይጨመርም፤ ዕዳ በልኩ ይተላለፋል። የባለዕዳው ፈቃድ ያስፈልጋል አያስፈልግም በሚለው ላይ መዝሀቦች ይለያያሉና ለጥንቃቄ ሦስቱም ቢፈርሙ ይመረጣል። በገበያችን ውስጥ ብዙ ዕዳ ከእጅ ወደ እጅ ተያይዞ የተቋጠረ ስለሆነ፣ አንድ ወረቀት የሁለት ሦስት ሰው ጭንቀት ሊፈታ ይችላል።

አራተኛው ሙራበሓ ከመያዣ ጋር ነው። ነጋዴው ጥሬ ገንዘብ የሚፈልገው ለምንድን ነው? ዕቃ ሊገዛበት ነው። እንግዲያውስ ከወለድ ነጻ የሆነው ባንክ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ በእጁ አስገብቶ፣ በታወቀ ትርፍ ለነጋዴው በዱቤ ይሽጥለት። ነጋዴው ከሆቴሉ የሚሰበስበውን ገንዘብ ለዚህ ዕዳ መያዣ ያደርጋል፤ ሆቴሉ በከፈለ ቀን ለባንኩ ይከፍላል። ዋናው ጥንቃቄ ባንኩ ዕቃውን በእርግጥ መግዛቱ ነው። ዕቃ ሳይንቀሳቀስ ወረቀት ብቻ ከተፈራረሙ በሌላ ስም የተጠራ ብድር ነው። ነጋዴው በመክፈል ቢዘገይም ዋጋው አይጨምርበትም።

አምስተኛው ሰለም ነው። ረሱል (ሶ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሰዎች የፍሬ ዋጋ አስቀድመው እየከፈሉ ከዓመትና ከሁለት ዓመት በኋላ ሲረከቡ አገኟቸው፤ አልከለከሏቸውም፤ መጠኑም ጊዜውም የታወቀ እንዲሆን ብቻ አዘዙ። በዚህ ውል ነጋዴው አበዳሪ መሆኑ ይቀርና ገንዘቡን አስቀድሞ የሚቀበል ይሆናል። በእንስሳ ላይ ሰለም መዋዋልን ሻፊዒዮች ዝርያው፣ ዕድሜው፣ ጾታውና መልኩ ተገልጾ ከሆነ ይፈቅዳሉ፤ ሐነፊዮች አይፈቅዱም። በሻፊዒ መዝሀብ የሚሄድ የአንድ ሰፈር ጀመዓ ለአረፋ የሚያስፈልገውን በግ ከሦስት ወር በፊት ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ቢዋዋል ለራሱ በዓል ሰሞን ከሚንረው ዋጋ ይድናል፤ ነጋዴውም በጥሬ ገንዘብ ደጋ ወጥቶ ይገዛል። ክፍያው በውሉ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መፈጸም አለበት፤ ግማሹ ከቀረ ዕዳ በዕዳ ይሆናል።

ስድስተኛው መረዳዳት ነው። ሠላሳ ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው 10,000 ብር ቢያዋጡ 300,000 ብር ይሆናል። ከመካከላቸው የተረጋገጠ ደረሰኝ ይዞ የተቸገረ ያለ ጭማሪ ይበደራል፤ ሆቴሉ ሲከፍለው ይመልሳል። ገንዘብ የሚሰበስብላቸው ወኪል ቢቀጥሩ ለድካሙ የተወሰነ ክፍያ ይከፈለዋል፤ ክፍያው ግን ለተበደረውም ላልተበደረውም እኩል ይሁን። ሕዝባችን ዕቁብና ዕድር አቋቁሞ ለዘመናት ያለ ጠበቃ ሲያስተዳድር የኖረ ነውና ይህ የሚከብደው አይመስለኝም።

የአገራችን ሕግ ምን ያግዛል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1962 አበዳሪ መብቱን ያለ ባለዕዳው ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ሕግ ወይም ውል ካልከለከለ ወይም የነገሩ ጠባይ ካልፈቀደ በቀር። ስለዚህ ሐዋላችን በአገሩ ሕግ ዘንድም መሠረት አለው። ባለዕዳው ግን እንዲያውቀው መደረግ አለበት፤ ሳያውቅ ለቀድሞው አበዳሪ ቢከፍል ጣጣው ለአዲሱ ይተርፋልና።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ትልቅ በር ከፍቷል። ቀድሞ መያዣ ሲባል ቤት ወይም ሕንፃ ነበር፤ ከዚህ አዋጅ ወዲህ ከብት፣ ሰብል፣ የተከማቸ ዕቃና ከደንበኛ የሚሰበሰብ ገንዘብም በመያዣነት ሊመዘገብ ይችላል። መዝገቡም በብሔራዊ ባንክ ሥር ይገኛል። ለበግ ነጋዴና ለበግ አርቢ ከዚህ የተሻለ ሕግ የለም፤ በሕግ የተጻፈው ግን በባንኮች መስኮት እንዲደርስ ነጋዴው ራሱ አውቆ መጠየቅ አለበት።

ከወለድ ነጻ ባንክ የሚሠራበት መንገድም ተጠርጓል። ቀደም ሲል የወጣው መመሪያ አገልግሎቱ በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በመስኮት ደረጃ እንዲሰጥ ብቻ ፈቅዶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1159 ሲወጣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ ተፈቀደ፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክና ሒጅራ ባንክ ሥራ ጀመሩ። እነዚህ ባንኮች ከሕንፃና ከመኪና ሙራበሓ ባለፈ የትንሹን ነጋዴ የደረሰኝ ችግር የሚፈታ አገልግሎት ቢያሰፉ የሙስሊሙ ብቻ ሳይሆን የአገሩ ሁሉ ነጋዴ ይጠቀማል።

ወደፊት ቀን የሚጻፍበትን ቼክ በተመለከተም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በንግድ ሕጋችን ቼክ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ እንጂ የዱቤ ማስረጃ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠትን በወንጀል ያስጠይቃል። ለዱቤ ቼክ የሚሰጥም የሚቀበልም አንገቱን ለገመድ ያመቻቸ ነው። ለዱቤ የሚሆነው ሰነድ የተስፋ ሰነድ ነው።

ከገዥው የሚጠበቅ

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ለሻጩ ነው። ነገር ግን የችግሩ ሥር ያለው ገዥው ዘንድ ነው። አቅም እያለው የሚያዘገይ ገዥ ባይኖር ፋክተሪንግም፣ አራጣም፣ የቼክ ሽያጭም ባላስፈለገ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በ30 ቀን፣ ነጋዴዎች ደግሞ በውላቸው ካልተስማሙ በቀር ቢበዛ በ60 ቀን እንዲከፍሉ አዟል። ሕንድ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከትንሽ ድርጅት የገዛ ከ45 ቀን በላይ እንዳያዘገይ ወስናለች። እነዚህ አገሮች ጉዳዩን በሕግ ያዩት ማዘግየት የትንሹን ሰው ጉልበት መብላት መሆኑን ስለተረዱ ነው። እኛ ግን ይህን ከአሥራ አራት ክፍለ ዘመን በፊት ከነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ.) አንደበት ሰምተነዋል፤ ማዘግየቱን «በደል» ብለው ጠርተውታል።

እውነት የተቸገረ ባለዕዳ ሌላ ነው። ለእርሱ እስኪያገኝ መታገሥ፣ ቢቻልም መተው እንደሚሻል በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 280 ተነግሯል። ነገር ግን ሆቴሉ በእንግዳ ተሞልቶ፣ የባለቤቱ መኪና በየዓመቱ እየተለወጠ «ነገ ተመለስ» የሚባለው ነጋዴ ጉዳይ ከዚህ አይደለም። ሙስሊም የሆንን ገዥዎች፣ ሥጋ ቤት ያለን፣ ምግብ ቤት ያለን፣ ድርጅት የምናስተዳድር፣ በዚህ ራሳችንን እንመርምር። ሥጋው ሐላል ሆኖ የታረደው በግ ዋጋው ለሦስት ወር ካልተከፈለ፣ በማን ላብ እንደምንነግድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አበው «በእጅ ሰጥቶ በእግር መሄድ» የሚሉት አባባል አላቸው። ከመንዝ ደጋ በጉን ነድቶ የመጣ ሰው የራሱን ገንዘብ ለመጠየቅ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ያንን መንገድ መመላለስ አይገባውም። ሻጩ ይጻፍ፣ ገዥው ይፈርም፣ ባንኩ በሐላሉ መንገድ ያግዝ፣ ቀኑ ሲደርስም ይከፈል። በዝርዝሩ ላይ እያንዳንዱ ነጋዴ የያዘውን ውል ይዞ ወደሚያምናቸው ዑለማዎች ይሂድ።

ወላሁ አዕለም።